አባዬን ከቤት ያስወጣሁበት ቃል

ጥር 12

ለወንድሜ ለጭራሮ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዓይንህስ? ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ስትሞርድ የራስህን ዓይን እንዳትጨርሰው እሰጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዲስ መተኮሻ ማሽን ገብቶልናል። አንሶላውን በዚህ ስንሰጠው በዚያ ታጥፎ ይወጣል፤ እኛ ሴቶቹ ቆመን በቅናት እናየዋለን። ጉልበቴ ያው ነው፤ ሜዳ ላይ ይረሳኛል፣ ደረጃ ላይ ያስታውሰኛል።

አዎ፣ አባዬ መጦሪያው ገብቷል። ከሥራ ስወጣ በእግሬ የምደርስበት ስለሆነ በየቀኑ ብቅ እላለሁ። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የጓሮውን የልብስ ማስጫ ገመድ ያሳያል። ከጎኑ ባለው አልጋ ጡረታ የወጣ የባቡር ሾፌር አለ። በእምነት ከኛ ጋር አይገናኝም፣ በጨዋታ ግን ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ምግቡ ያሳሰበህ እንደሆነ፣ ኃላፊዋን ለምኜ እንደ ኦሪት ሕጋችን ለብቻው ድስት ተለይቶለታል። ፍራሹ ደህና ነው። ብርድ ልብሱን ከቤት ወስጄለታለሁ።

ሌላ አማራጭ እንዳልነበረኝ አንተም ታውቃለህ። ጋዙን ከፍቶ ረስቶት ሲወጣ የታችኛዋ ጎረቤታችን ናት አፍንጫዋን ይዛ ደርሳ የዘጋችው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ጋ ቆሜ ሐሳቤ እሱ ምድጃ ላይ ነበር።

«እንዴት እሺ አለሽ?» ላልከኝ፣ እሺ አለ። በገዛ እግሩ ደረጃውን ወርዶ መኪናው ውስጥ ገባ። ማንም አልጎተተውም፣ ማንም አልጮኸበትም። በቃ ይሄው ነው።

ራስህን ጠብቅ። ሹራብ ልበስ።

እህትህ

ጥር 23

እትዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን። ምክንያት ልደረድርልሽ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ምክንያቶቼን ከነተራቸው እንደምታውቂያቸው ትዝ ሲለኝ ወረቀቱን ቀየርኩ። ሱቁ በሥራ ታፍኗል፣ ባለቤቱ ይነጫነጫል፣ እኔ አለሁ።

ስለ ድስቱም ስለ ብርድ ልብሱም እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን እትዬ፣ እኔም እኮ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ። አባዬን አውቀዋለሁ። ቀን ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲጠርዝ ይውላል፤ ማታ ያንኑ እጁን ከሙጫው ሳያጠራ ስለ መሲሑና ስለ መዳን የጥንት መምህራን የተናገሩትን እየሰበሰበ ትርጓሜውን ይጽፋል። «ያን ቀን ይመጣል፣ ይሄን ዓመት ይመጣል» እያለ ዘመን የሚቆጥር ሰው ምኩራብ ውስጥ ሲያጋጥመው ጀርባውን ሰጥቶት ነበር የሚቀመጠው። ለእኛ ደግሞ፣ ቤት ቀይር በተባለ ቁጥር፣ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው የሚቤዠን ሲመጣ ነው» ይለናል። የተዘጋጀች ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ ስንቴ አደናቅፋናለች?

ይሄ ሰውዬ ነው «እሺ» ብሎ የወረደው?

አንሶላ እንዴት ታጥፎ እንደሚወጣ አብራርተሽ ጻፍሽልኝ። አባታችን ከቤት እንዴት እንደወጣ ሲሆን «በቃ ይሄው ነው» ብለሽ አለፍሽው። ሰዎች አስገድደውት ከሆነ ንገሪኝ። መርፌ ወግተውትም ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም። ከዚህ ሆኜ የመቆጣት መብት እንደሌለኝም አውቃለሁ።

ጭራሮሽ

የካቲት 1

ወንድሜ፣

ዛሬ ሰላምታው አልሞላልኝ ብሏል፤ አትቀየመኝ። ደብዳቤህን ባነበብኩ ሰዓት ከፊቴ የሚወጣው ግለት ልብስ ይተኩስ ነበር። ይሄን ስታነብ ብቻህን ሁን።

አባዬን ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልወጋውም። ከዚያ የባሰ ነገር ነው የተደረገበት፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ በስልክ «አልቻልኩትም፣ እሺ አይለኝም» ብዬ ሳለቅስብህ ምን ነበር ያልከኝ? «ታዲያ መሲሑ መጥቷል ብለሽ ለምን አታስወጪውም?» ብለህ ሳቅክ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። በአንተ አላሳብብም። አንተ ቀልደህ ስልኩን ዘጋህ፤ ቀልዱን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ።

መኪናው የመጣ ቀን ሁለት ረዳቶች አብረው መጡ። አባዬ የበሩን መቃን በሁለት እጁ ያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያያል። የታችኛዋ ጎረቤታችን «ኧረ ልጆች፣ ቀስ!» ትላለች። ከረዳቶቹ አንዱ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሊያላቅቀው ሲጀምር የአባዬ ጥፍር ነጭ ሆነ። ረዳቱን ገፍቼ አባዬ ጆሮ ሥር ጎንበስ አልኩና «አባዬ፣ መጥቷል» አልኩት።

እጁን ወዲያው ለቀቀ።

ዞሮ አየኝ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ። «ከተማው ሁሉ እያወራው ነው» አልኩት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ እዚያው ፊት ለፊቱ ቆሜ! እሱ ግን ከልጁ አፍ የወጣውን ቃል አልመረመረም። ይልቁንም «ቆይ፣ እንዲህ ሆኜማ አልሄድም» ብሎ ገባና ታጠበ፤ ለዚያ ቀን ብሎ ያስቀመጠውን ነጭ ካፖርት ለበሰ። ቁልፉን እኔ ነኝ የቆለፍኩለት። አየህ፣ በገዛ እጄ ቆለፍኩለት።

ደረጃውን ሲወርድ በየበሩ እየቆመ «ይቅር በሉኝ፣ እናንተም ይቅር ተብላችኋል» ይላቸው ነበር። የታችኛዋ ጎረቤታችን የጋዙን ነገር ረስታ እጁን ሳመችው። እኔ ሻንጣውን ይዤ ከኋላው ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

የጠየቅከኝ ይሄው ነው። አሁን ምን እንደምትለኝ አላውቅም።

እህትህ

የካቲት 11

እትዬ፣

ብቻህን ሁን ብለሽኝ ነበር። ሳነበው ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ግን ብቻዬን አልያዝኩትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሱቁ ልጆች አወራኋቸው። ስጀምር ለማዋየት ነበር፣ እምልልሻለሁ። መሐል ላይ አንዱ ፈገግ ሲል እኔም አሳመርኩት፤ የአባዬን ድምፅ አስመሰልኩ፤ የረዳቱን ጣት አስመሰልኩ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ገንዘብ ያዣችን «ለአማቴ እሞክረዋለሁ» አለች። አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ የኋላው ክፍል ገብቼ ሌንስ ሳላስገባ መሞረጃውን አስነሳሁት፤ ሥራ ላይ ያለሁ እንዲመስላቸው ብቻ። ባዶውን ሲጮኽ ቆየ።

ስለዚህ ከእኔ ቁጣ አትጠብቂ። ቀልዱ የእኔ ነበር፤ የቀለድኩትም የመቃኑ ነገር የማይመለከተኝ ቦታ ሆኜ ነው።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደስተኛ ነው ብለሽኛል አይደል በስልክ? ነርሶቹን ይመርቃል፣ ይዘምራል፣ በደንብ ይበላል ብለሽኛል። ታዲያ ለምን እንቀሰቅሰዋለን? ዕድሜ ልኩን የናፈቀውን አግኝቶ በደስታ የሚሞት ስንት ሰው አለ? ውሸት እንኳ ቢሆን፣ አንዴ ከተነገረ ወዲያ፣ መልሶ መውሰዱ ጭካኔ ነው። ተይው እትዬ። አንቺም አትብከንከኚ።

ወዲያ ለመምጣት እያሰብኩ ነው፤ የሱቁ ጥድፊያ ጋብ ሲል።

ጭራሮ

የካቲት 27

ወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ተይው» የሚለውን ቃል ማታ ማታ እንደ መድኃኒት እየዋጥኩት ነበር፤ ትንሽ ቀን ሠራልኝ።

እውነትህን ነው፣ ደስታውን ብታይ ታለቅስ ነበር። የመጦሪያው ኮሪደር ከእሱ ወዲህ ሌላ ሆኗል። ማንም በዊልቸር ሲያልፍ «አይዞህ፣ አልቋል፣ ከእንግዲህ ወዲያ ሐዘን የለም» ይለዋል። አንዳንዶቹ እብድ ነው ብለው ዝም ይሉታል፤ አንዳንዶቹ ግን በተለይ ጠያቂ የሌላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከበሩ ይጠብቁታል። የባቡር ሾፌሩ ብቻ አይበገርም። «አባባ፣ መሲሑ መጥቶ ከሆነ ሾርባው ለምን አልተለወጠም?» አለው አንድ ቀን በሰው ፊት። አባዬ ሾርባውን ቀምሶ አሰበበት፤ «ተራው አልደረሰው ይሆናል» አለ። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ጽሑፉን አቁሟል። ወረቀቶቹን ሳመጣለት «ይሄ የተስፋ መጽሐፍ ነው፤ ተስፋ የተደረገው ከመጣ ማን ያነበዋል?» ብሎ፣ ያረጁ ቅዱሳት መጻሕፍት እስኪቀበሩ የሚቆዩበት የምኩራባችን ዕቃ ቤት እንዳስገባው አዘዘኝ። አላስገባሁትም። ማጠቢያ ክፍል የራሴ መደርደሪያ ላይ፣ ከአንሶላ ሥር ነው ያለው።

አሁን የምነግርህ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት የጾም ቀን ነበር። አባዬን ታውቀዋለህ፤ ሳንባው ታሞ ሐኪም ከልክሎት እንኳ ጾም ገድፎ አያውቅም። በምሳ ሰዓት ስገባ እንቁላል ሲበላ አገኘሁት። «ነይ ልጄ፣ ጉረሺ» አለኝ፤ «ጾሞቹ ሁሉ ወደ በዓል እንደሚለወጡ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ በአፌ ቀመስኩት»። አስኳሉ ጢሙ ላይ ነበር። እኔ ጾመኛ ነበርኩ። እንቢ ብል ውሸቴ ይታወቃል።

ጎረስኩ።

አንተ እነዚህን ነገሮች ትተሃቸዋል፤ «እንቁላል ነው፣ ምን አለበት» ትለኝ ይሆናል። ለእሱ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለህ። እሱ ሕጉን የጣሰው ሕጉን እየፈጸመ መስሎት ነው፣ በእኔ ቃል አምኖ። እኔ ደግሞ እያወቅሁ ጣስኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወት ሳይ የማየው ሰው ደስ አይለኝም።

እህትህ

መጋቢት 14

ወንድሜ፣

የላክኸው ወዳጅህ ለአባዬ የሠራህለትን መነጽር አድርሶልኛል። ተስማምቶታል፤ ግን አያደርገውም። ለምን እንደማያደርገው ነው የምጽፍልህ።

«ደስታው ለምን ቀዘቀዘ?» ብለህ በስልክ ጠይቀሃል። ለዚህ መልስ ልሰጥህ ከፈለግሁ የደበቅሁህን ማውጣት አለብኝ። ያን ቀን አንድ ቃል ብቻ አልነበረም የተናገርኩት። መኪናው በር ላይ ሲደርስ አባዬ ቆመና «እናትሽስ የት ትጠብቀናለች?» አለኝ። መቼም እሱ እንደሚያምነው፣ መሲሑ ሲመጣ ሙታን ይነሣሉ፣ የተበተነውም ከያለበት ይሰበሰባል። እኔ መኪናው እንዲንቀሳቀስ ብቻ ነበር የፈለግሁት። «እዚያው ትመጣለች» አልኩት።

ይሄን ላንተ ለመጻፍ አፍሬ ነበር። አሁንም አፍራለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን በገባሁ ቁጥር «እናትሽን አየሻት?» ይለኝ ነበር። «መንገድ ላይ ናት» እለዋለሁ። ከጎኑ ወንበር አስቀምጦ ማንንም አያስቀምጥበትም። ከዚያ መጠየቁን ተወ። እኔ ሞኟ፣ ረሳው ብዬ እፎይ አልኩ።

አልረሳም። ሰሞኑን መመገቢያው ክፍል አልወርድም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። የባቡር ሾፌሩ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና «እመቤቴ፣ አባትሽን አንድ ነገር እየበላው ነው፤ እኔ መቀለዱን ትቻለሁ» አለኝ። ገብቼ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩና «አባዬ፣ ምን ሆንክብኝ?» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሁሉም ድኗል ልጄ። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ምን ማለትህ ነው አልኩት። «እናትሽ ተነሥታለች፤ ወደ እኔ ግን አልመጣችም። አልፈርድባትም። ስትታመም እኔ ስለ ዓለም መዳን እጽፍ ነበር። ውኃ ስትለኝ ‹ይሄን አንቀጽ ልጨርስ› እላት ነበር። ዛሬ ደግሞ እሷ ትጨርስ» አለኝ። ቀጥሎ ስላንተ አነሳ። «የተበተነው ሁሉ ተሰብስቧል። ልጄ ግን የለም። ከየትም ጠፍቶ አይደለም፤ ከእኔ ሸሽቶ ነው። ጉልበቴ ያው ይቆረጥመኛል፣ ዓይኔ ያው ፈዛዛ ነው። ይሄ ሁሉ ምልክት ነው። በሩ ሲከፈት ሁሉም ገባ፤ እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ ስለ በሩ እየጻፍኩ ነበር።» መነጽሩን አጥፎ ሰጠኝ። «በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? አፍራለሁ» አለ።

ጭራሮ፣ አባታችን ያፍራል! ውሸቱን ዋሽቼ ያረፍኩት እኔ፣ የሚያፍረው እሱ! እዚያው «ዋሽቼህ ነው» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ሾርባህ ይቀዘቅዛል» የሚል ነበር።

እህትህ

መጋቢት 19

እትዬ፣

ፈቃድ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ልመጣ ነው። ቢያንስ እኔን ይየኝ፤ ከሁለቱ ሐዘኖቹ አንዱ ይቅለለው። ልጄ ተሰበሰበልኝ ይበል።

እኔም የደበቅሁሽ አለ። እማዬ ያረፈች ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ነው ያልደረስኩት ብዬሽ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር። ትኬቱን ቆርጬ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ነበር። እኔ ወንድ ልጇ ስለሆንኩ የሙታንን ጸሎት ከመቃብሯ ላይ ቆሜ እንድል አባዬ ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማላምንበትን ቃል በእሷ ላይ መናገር ውሸት መሰለኝና ተመለስኩ። ውሸት የጠላሁት ያን ዕለት ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ ያን ጊዜ ለአንቺ የጻፍኩት ደብዳቤ በሙሉ ውሸት ነበርና።

አውቶቡስ እንዳገኘሁ እነሳለሁ።

ጭራሮ

መጋቢት 25

ወንድሜ፣

አትምጣ!

ይሄን ደብዳቤ በፈጣኑ ፖስታ የላክሁት ሳትነሳ እንዲደርስህ ነው። ስንት ዓመት «ና» ስልህ ኖሬ አሁን አትምጣ ስልህ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ግን ስማኝ።

አሁን ከመጣህ አባዬ የሚያየው ልጁን አይደለም። የተበተነው ሲሰበሰብ ነው የሚያየው። ውሸቴ እግር አውጥቶ፣ ሻንጣ ይዞ፣ በበሩ ይገባል። ከዚያ የቀረችው እማዬ ብቻ ትሆናለች። «ልጄ እንኳ መጣ፣ እሷ ብቻ እንቢ አለችኝ» ይላል። ያን ጊዜ ምን እንለዋለን? እማዬን ከየት እናምጣለት?

እስካሁን አንተ አለመምጣትህ ለእሱ ቁስል ነው። እውነቱን ሳይሰማ ብትመጣ ግን የሚገድለው መምጣትህ ነው።

የመንገዱን ነገር አውቅ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት የማጠቢያ ጓደኛዬ ወንድም ነው፤ በሳምንቱ ነገረችኝ። ያልነገርኩህ እንዳታፍር ብዬ ነው። ይኸው በቤታችን እርስ በርስ እንዳንተፋፈር እየተባባልን የደረስንበት።

መጀመሪያ እኔ እነግረዋለሁ። የተናገርኩበት አፍ የእኔ ነው። ከዚያ የሚረግመኝም ከሆነ ይርገመኝ። ሰንበት ካለፈ በኋላ እገባለሁ። እስከዚያ ባለህበት ቆይ።

እህትህ

ሚያዝያ 3

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ነገርኩት።

እሁድ ቀትር ላይ ነው። የባቡር ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት ነው መሰል ጋዜጣውን ይዞ ወጣ። ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክሁና «አባዬ፣ ማንም አልመጣም። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። ከቤት እንድትወጣልኝ ብዬ ነው» አልኩት። ሌላ ብዙ ላስረዳ አስቤ ነበር፤ ስለ ጋዙ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጣቶቹ። አንዱም አልወጣም።

ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «አልመጣም?» አለኝ። አልመጣም አልኩት። «ሙታንም አልተነሡም?» አልተነሡም። «እናትሽ…» ብሎ አቋረጠው። «እማዬ መቃብሯ ውስጥ ናት አባዬ። በአንተ አልተቆጣችም። የትም አልሄደችም» አልኩት።

ጥፊ ነበር የጠበቅሁት። እሱ እጄን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ቀስ እያለ ሳቀ መሰለኝ፤ ሳቅና ልቅሶው አልተለየልኝም። «ተመስገን» ይላል፤ «ተመስገን፣ ገና ነው! ገና ነው እንጂ!» ይላል። ዕድሜውን በሙሉ ይምጣ ሲል የኖረ ሰው አለመምጣቱን ሰምቶ አምላኩን ሲያመሰግን አየሁ። «ተስፋ ቆርጬ አላውቅም ነበር፤ አንቺ ግን ጨረስሽብኝ» አለኝ፣ ያለ ቁጣ። ያለ ቁጣ መሆኑ የበለጠ አቃጠለኝ። ወዲያው ስለ እንቁላሉ ትዝ አለውና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለገደፈው ጾም ምትክ ሊጾም ነው። እኔም አብሬው እጾማለሁ።

ነገሩ በዚህ መቼ አለቀ? «አንሺኝ» አለኝ። «ለእነዚያ ሰዎች ሐዘን የለም፣ አልቋል እያልኩ ሳወራ ከርሜያለሁ። እየዞርኩ መንገር አለብኝ።» ክንዴን ተደግፎ መመገቢያው ክፍል ወረድን። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄደ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነበር፣ ገና አልመጣም» ይላል። ተሳስቼ ነበር! «ልጄ ዋሽታኝ ነው» አላለም፤ አንዴም አላለም። ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ነፍስ ከማጥፋት እኩል ነው ብሎ ያሳደገን ሰው፣ እኔን ላለማሳፈር ራሱን እያዋረደ ዞረ። አንድ ሁለቱ ሳቁበት። ከሁለተኛው ጠረጴዛ በኋላ አልቻልኩም፤ «እሱ አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩ ጮክ ብዬ። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። አባዬ ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ። የባቡር ሾፌሩ ከጥግ ሆኖ «እኔማ ከሾርባው ጠርጥሬ ነበር» አለ።

ጠያቂ የሌላት አንዲት አሮጊት ግን አልሳቀችም። «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» አለችው። «እንጠብቃለን» አላት። ከጎኗ ተቀመጠና ሾርባዋን አብሯት ጠጣ።

ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅልኝ ደስታዬ ነበር። ግን ልደብቅህ አልችልም፣ መደበቅ ይብቃን። ልወጣ ስል እንደገና ጠራኝ። መነጽሩን አድርጓል፤ ያን አንተ የላክህለትን። በጣቱ ዳር ዳሩን እየነካካ እንዲህ አለኝ፦

«እንግዲህ ምንም አልተለወጠም። እናትሽ ያልመጣችው ሞታ ነው፣ ገባኝ። ልጄስ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» ልለው ነበር፤ የዚያኑ ዕለት ሌላ ውሸት መዋሸት ግን ከበደኝ። ጥያቄው ያንተ ነው፤ እንዳለ ልኬልሃለሁ።

እህትህ

ሚያዝያ 9

እትዬ፣

ሰላምታዬን በአካል አደርሰዋለሁ።

ለአባዬ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ከረምኩ። ሱቁን አነሳሁ፣ ባለቤቱን አነሳሁ፣ መንገዱን አነሳሁ፣ እምነቴን ማጣቴን አነሳሁ። አንዱንም በአባዬ ፊት ቆሜ ስናገረው ራሴን ማሰብ አቃተኝ። እሱ የሞተችውን እንኳ ወንበር አስቀምጦ ጠበቃት። እኔ በሕይወት አለሁ፣ እግሬ ጤነኛ ነው፣ አውቶቡሱ በየቀኑ ይሄዳል። ለእኔ ወንበር ማስቀመጥ እንኳ አስፈርቼዋለሁ።

ከእሱ ፊት ስቆም ምን እንደምል አላውቅም። የማላምንበትን እንዳምን አላስመስልም፤ በእሱ ላይ ያን ጨዋታ ከእንግዲህ ማናችንም አንጫወትም። እማዬ መቃብር ግን ይዘኸኝ ሂድ እለዋለሁ። ጸሎቱን እሱ ይበል፤ እኔ አብሬው እቆማለሁ። ከፈለገ ደግሞ ቃል በቃል እየተከተልኩት እላለሁ፤ ቃሉ የእኔ ባይሆንም የእሷ ልጅ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት እደርሳለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ እኔ ከመግባቴ በፊት ቀድመሽ ግቢና ንገሪው። በሩ ላይ ሲያየኝ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎት ልቡ እንዳይሰቀል። ምንም አልመጣም በይው፤ ዓለም እንደነበረች ናት። ልጅህ ብቻ ነው፣ አፍሮ ነው የመጣው በይው።

ጭራሮ